የጋሽ ቋጠሮ የመጨረሻ ፍንጭ

ሰውየው ከኋላዋ ነበር።

ግራጫ ኮት ለብሷል። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ጫማ ጠጋኙ አጠገብ ስትቆም እሱም የሱቅ መስታወት ማየት ጀመረ። ስትራመድ ተራመደ። ምስጥ አልሮጠችም። የሚሮጥ ሰው ጥፋቱን በአደባባይ እንደሚናዘዝ ነው። ወደ አትክልት ገበያው ታጠፈች፤ ከሻጭዋ ጋር ስለ ቲማቲሙ ብስለት ትንሽ ተከራከረች፤ በሥጋ ቤቶቹ በኩል ወጣችና ሊነሳ የሚያጓራ አውቶቡስ ላይ ዘለለች። በመስኮት ስታይ ግራጫ ኮቱ የገበያው በር ላይ ቆሞ አንገቱን ያሰግጋል።

ምስጥ የሥራ ስሟ ነው። ያወጣላት አለቃዋ ነበር። «ሳትታዪ ትገቢያለሽ፣ ከውስጥ ትበያለሽ» ብሎ። ጋዜጣው ቤት ግን የሚያውቋት በገጽ አቀናባሪነት ነው፤ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት።

አለቃዋ ደግሞ «ዳኛ» ይባላል። በአንድ ክሊኒክ ተራ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ፣ በሚያስሉና በሚያቃስቱ ሰዎች መሃል ተቀምጦ አገኘችው። አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትታ ተቀመጠች።

«ተከትለውሽ ነበር?»

«ጣልኩት።»

«ማን ነው?»

«ያንተ ካልሆነ አላውቀውም።»

«የኔ ቢሆን አታዪውም ነበር» አለና ፈገግ አለ። «ሽማግሌውስ?»

«ገና ነኝ። የሚጽፈውን ማንበብ እንጂ መፍታት አልቻልኩም።»

ሽማግሌው ያሉት የጋዜጣውን መስቀለኛ ቃላት የሚያዘጋጁትን ሰው ነው። በዚያ ወቅት ከእነ ምስጥ ወገን ሦስት ሰላይ በጠላት ተይዞ ጠፍቷል። ሦስቱም የተያዙት ጋዜጣው በወጣ ሰሞን ነበር። የሚሰልሉለት ድርጅት ማዕከል ያንን ገጽ ጠረጠረ። ጉዳዩን ዳኛ በእጁ ያዘው፤ እሷንም መርጦ አስገባት።

«እኔ ጋዜጣ አርዕስቱን አይቼ ነው የምጥለው» አላት እየተነሳ። «አንቺ ተማሪው። ሽማግሌ ተማሪ ካገኘ አፉ አይዘጋም።»

ከሦስቱ አንዱ፣ በሥራ ስሙ፣ ቅንድብ ነበር። ሥልጠና አብሯት የገባ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት የተካፈለችው፣ እንደ ወንድም የምታየው ጓደኛዋ። የዋና አሠልጣኝ መስሎ ይሠራ ነበር። ከመዋኛው ሕንፃ በር ላይ ፎጣውን ብብቱ ሥር እንደያዘ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። እሷ ግን መንገድ ላይ ፎጣ የያዘ ሰው ባየች ቁጥር ፊቱን ሳታይ አታልፍም።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጋዜጣ ቤቱ በሙሉ «ጋሽ ቋጠሮ» ነው የሚላቸው፤ ስማቸውን የሚያስታውስ ያለም አይመስልም። የሚሠሩት ከወረቀት መጋዘኑ ጀርባ፣ አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሳጥኖቹን በማስመሪያና በእርሳስ ያሰምራሉ። የላጲስ ፍርፋሪ ከሹራባቸው ላይ ጠፍቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም» አለቻቸው አንድ ቀን፣ ከልቧ። «ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው።»

«የሚቀረጸው ድንጋይ ላይ ነው፣ ልጄ። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች።

«ፍንጭ ማለት እያንዳንዱ ቃሉ እውነት የሆነ ውሸታም ሰው ማለት ነው» አሏት። «ሰሙ አንድ ታሪክ ይነግርሻል። ታሪኩን አትመኚ። ቃላቱን ነጣጥያቸው፤ አንዱ ወገን ትርጉም ነው፣ ሌላው ወገን መንገድ ነው። እስቲ፤ ‹ጠቅላላ መፍትሔ›። ሁለት ፊደል።»

ጠቅላላ። መፍትሔ። «መላ?»

«መላ አገሩ፣ መላ ምቱ። አየሽ ድንጋይሽን? አሁን ደግሞ፤ ‹ባሌ ፊቱን ሲያዞር የሚሰርቅ›። ሁለት ፊደል።»

«ጎረቤት ነው እንዳልል ፊደሉ በዛ።»

ጋሽ ቋጠሮ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ታሪኩን አመንሽው። ሰውየውን ተይው፤ ቃሉን አዙሪው። ባሌን አዙሪ።»

ባ፣ ሌ። ሌ፣ ባ።

«ሌባ» አለች።

«ሚስትየዋ ንጹሕ ናት» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ለዳኛ ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። ትምህርቱን ወደደችው። አውቶቡስ ላይ፣ ወረፋ ላይ፣ ልብስ ስታጥብ ቃል ትነጣጥል ጀመር። ለዓመታት በውሸት ስም ስትኖር አብሯት የሳቀ ሰው አልነበረም። እኚህ ሰው ደግሞ ጠላት ናቸው ተብላ ነበር የተላከችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ቋጠሮ ሻይ ሊያመጡ ወጡ። ምስጥ ከመደርደሪያው የቆዩትን ጋዜጦች አወረደች። ቅንድብ የተያዘበትን ሳምንት አወጣች።

«ከሁሉ የበላዩ፣ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሁለት ፊደል።»

ስትመጣ ሰሞን ቢሆን የሰጠመ አለቃ ይታያት ነበር። አሁን ግን ዓይኗ ሳታዘው ነጣጠለው። ከሁሉ የበላይ፣ ዋና። ውሃ ውስጥ የሚሆነው፣ ዋና።

ዋና።

ቀጥሎ ያለውን አየች። «ከዓይን በላይ እያለ ዓይን የማያየው፤ አራት ፊደል።»

ቅንድብ።

ከሥሩ ረቡዕ የሚል መልስ ነበር፤ ቅንድብ የተያዘበት ቀን። ሰው የገደለው ገጽ ይኸው፤ ልጆች በእርሳስ የሚሞሉት፣ ባልና ሚስት ቁርስ ላይ የሚጨቃጨቁበት ገጽ። የቅንድብ ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣ። መጥቶም አልሄደም።

ጋሽ ቋጠሮ በሩ ላይ ቆመዋል። በሁለት እጃቸው የያዟቸው ብርጭቆዎች ዘንበል ብለዋል። ሻዩ እጃቸው ላይ ሲፈስ እንኳ አልተሰማቸውም።

«ፈታሽው» አሉ።

«ቃላቱን ማን ሰጠዎት?»

ብርጭቆዎቹን አስቀመጡ። «በፖስታ ሳጥኔ ይመጡልኛል። እነዚህን ቃላት አስገባ ይላል። ሰውየው መጀመሪያ ቤቴ የመጣ ጊዜ ለአገርህ ነው አለኝ። ልጆቻችን ተደብቀው የሚገናኙበት ነው አለኝ። አመንኩት።» ድምፃቸው ወረደ። «ስንቱን ሰው ታሪኩን አትመን እያልኩ አስተምሬ፣ እኔ ታሪኩን አመንኩ።»

«ሰውየው ማን ነው?»

ወደ መጋዘኑ በር አዩ። በወረቀቱ ክምር መሃል የሚንቀሳቀስ ነገር ነበር። ግድግዳም ጆሮ አለው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚህ አይነገርም፣ ልጄ።»

እዚያው መጨረስ ነበረባት። እሷ ግን የሰለጠነችበትን አደረገች። በዚያው ቀን ለዳኛ ሪፖርት አቀረበች። ሽማግሌው እጅ ብቻ መሆናቸውን፣ ከኋላቸው ሰው መኖሩን፣ ሊናገሩ መቃረባቸውን ጻፈች። ሪፖርት ሙሉ መሆን አለበትና መቼ ከሥራ እንደሚወጡ፣ በየትኛው ደረጃ እንደሚወርዱም ጨመረች።

«ጎበዝ» አላት ዳኛ። «ሐሙስ ከሰዓት ቴአትር ቤት ነይ። በእጁ የጻፈውን ሁሉ ይዘሽ። ለማዕከሉ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ እዚያም ውስጥ ቀዳዳ አለ።»

ሐሙስ ጋሽ ቋጠሮ የሳምንቱን ወረቀት ሰጧት። ሌላ ጊዜ መልሱ በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ ነበር የሚመጣው። የዛሬው ብቻውን ነው።

«መልሱስ፣ ጋሼ?»

«ዛሬ አንቺ ፍቺው።» እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። «ከመሄድሽ በፊት።»

የምትሄድበት እንዳለ አልነገረቻቸውም ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ወረቀቱን ዘረጋች። የመጀመሪያው አግድም፤ «በወጥ መድረክ ውስጥ የተደበቀ፣ የአዳኝ ዕቃ። አራት ፊደል።»

ታሪኩን ተወችው። ፊደሎቹን ብቻ አየች። ወጥ መድረክ። ወ፣ ጥ፣ መ፣ ድ።

ወጥመድ።

መድረክ። የምትሄደው ቴአትር ቤት ነው። ቃሉ በዚህ ሳምንት በፖስታ ሳጥናቸው ደርሷቸው መሆን አለበት፤ ማን እንደሚጠመድበት ገምተው አስጠነቀቋት።

ሁለተኛው አግድም፤ «የተስፋ መጀመሪያ ከዳኛ ሆድ ቢገባ፣ ወዳጁን የሚሸጥ። አራት ፊደል።»

የተስፋ መጀመሪያ፣ ተ። ሆዱ የሚከፈተው ቃል፣ ከዳኛ። ከ፣ ዳ፣ ኛ። ተን መሃሉ ላይ አስገባችው።

ከዳተኛ።

ወረቀቱን አጠፈችው።

ጋሽ ቋጠሮ ቤት በዚሁ ስም የገባው፣ ቃላቱን ወደ ፖስታ ሳጥኑ የሚልከው ዳኛ ነበር። ማዕከሉ ገጹን ሲጠረጥር ምርመራውን የወሰደውም እሱ ነው። ጅብ ለፍየል ዘበኛ ሆኖ ነበር። አሁን የቀሩት ጥፋተኛ የሚባል አንድ ሽማግሌ እና ጥፋተኛነቱን የመሰከረች አንዲት ሴት ናቸው፤ ሁለቱም ከሞቱ የሚናገርበት የለም።

ቴአትር ቤቱ ሳይደርስ ወረደች። ጥጉ ላይ መድኃኒት ቤት አለ። የማዕከሉ የጭንቅ ጊዜ በር ነው፤ አንድ ሰላይ በሕይወቱ አንዴ ብቻ ነው የሚያንኳኳው።

መድኃኒተኛዋ ሸምገል ያለች፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«ለቆየ ሳል ምን አላችሁ?»

«ሳሉ የማን ነው?»

«የቤተሰብ።»

ሴትየዋ የበሩን መጋረጃ ጣለች። «ተናገሪ።»

«ዳኛ ነው የሸጠን። አሁን ቴአትር ቤት እየጠበቀኝ ነው። ማስረጃው ይኸው፤ የቀሩት የሽማግሌው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ሽማግሌውም ጋ ሰው ላኪ። ከጋዜጣ ቤቱ ያውጧቸው።»

«በዚህ ሰዓት እጄ ላይ ያለው ለአንድ ቦታ ብቻ የሚበቃ ሰው ነው። የቱ ጋ ይሂዱ?»

ምስጥ የግድግዳ ሰዓቱን አየች። ዳኛ ካመለጠ የቀሩትንም ስም ይዞ ነው የሚሄደው። ሽማግሌው ከሥራ የሚወጡበት ሰዓት ገና ነው። ራሷ ትደርስላቸው ይሆናል።

«አንዱን በዪ እንጂ፣ እህቴ።»

«ቴአትር ቤቱ» አለች።

አዳራሹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። መድረኩ ላይ ተዋንያን ልምምድ ላይ ናቸው። ግራጫ ኮቱ የጎኑ በር ላይ ተደግፏል። ለካ ከመጀመሪያውም የዳኛ ሰው ነበር። ዳኛ መሃል ረድፍ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጠች።

«አመጣሽ?»

«አመጣሁ። አንዱ ግን አልፈታ አለኝ።»

«ተይው።»

«ስማው እስቲ። ‹የተስፋ መጀመሪያ ከዳኛ ሆድ ቢገባ፣ ወዳጁን የሚሸጥ›።»

የዳኛ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ተራ በተራ ተነሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቆሙ። ጋዜጣ አላነብም ያለው ሰው እሷ በአውቶቡስ ጉዞ የፈታችውን በአንድ ትንፋሽ ፈታው።

«ሽማግሌው ቀልደኛ ነበር» አለ።

ነበር።

«ነበር ነው ያልከው?»

ሰዓቱን አየ። «ወደ ቤቱ ቀደም ብሎ እንዲሄድ አድርገናል። አንቺን የመረጥኩሽ እኮ ቃል አይገባሽም ብዬ ነው።»

እጁ ወደ ኮቱ ውስጥ ገባ።

ምስጥ ወንበሮቹ መሃል ተወረወረች።

ጥይቱ የታፈነ ድምፅ አሰማ። የወንበሩ ስፖንጅ ፊቷ ላይ ተበተነ። የመድረኩን መጋረጃ ሲስቡ የነበሩት ሠራተኞች፣ የመድኃኒተኛዋ ሰዎች፣ ገመዱን ለቀው ዘለሉ። አንዱ ግራጫ ኮቱን ከግድግዳ ጋር አጣበቀው። ሁለቱ ዳኛ ላይ ወደቁበት። ቀና ስትል እጁ ታስሯል፤ የሚያያት ተማሪው እንዳሳፈረው መምህር ነበር። ተዋንያኑ አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል።

እሷ ግን ሮጠች። በአገልግሎት ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው እያያት፣ ሮጠች።

የጋዜጣው ቤት የኋላ ደረጃ ሥር ሰው ተሰብስቧል።

«ጋሽ ቋጠሮ ናቸው» አለ ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ። «ቤት ሰው መጥቷል ብለው ጠሯቸው። ሲወርዱ ወደቁ መሰለኝ።»

ባልታተመ የጋዜጣ ወረቀት ሸፍነዋቸዋል። የሹራባቸው ጫፍ ወጥቶ ይታያል፤ የላጲሱ ፍርፋሪ አለበት። ምስጥ መጮህ አልቻለችም። እሷ ጥቂት ወራት የምታውቃቸው ገጽ አቀናባሪ ናት። እንደ ሌላው ሰው ከንፈሯን መጠጠች፤ እንደ ሌላው ሰው «ነፍስ ይማር» አለች። ደረጃውን በሪፖርቷ ላይ የጻፈችው በራሷ እጅ ነበር።

የጋዜጣው አዘጋጅ መጣና ዓይኑን እያሸ ጠየቃት። «እንግዲህ ገጹን ምን እናድርገው?»

ቦታውን በሳሙና ማስታወቂያ ሞላችው። በማግስቱ እናቴ ታማለች ብላ ሥራ ለቀቀች።

መድኃኒተኛዋ አዲስ መታወቂያ ስትሰጣት እጇን ያዝ አድርጋ አቆየችው። «የዳኛን ሰዎች ሁሉ ለቅመናቸዋል። በዚህ ምክንያት በሕይወት ያሉ ሰዎች አሉ። ትክክለኛውን ነው የመረጥሽው።»

ምስጥ መታወቂያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

አሁን ሌላ ከተማ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ባለሱቁ እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ቁጥብ ነው ይላል። ጋዜጣ አትገዛም። ያም ሆኖ ቃላቱ አይተዋትም። ማስታወቂያ ስታይ ይነጣጠላሉ፤ ሰው ሲያናግራት ይገለባበጣሉ፤ በያንዳንዱ ስንጥቅ ውስጥ ሳል የሚያቋርጠው የጋሽ ቋጠሮ ሳቅ ይሰማታል።

አንድ ጠዋት መንገድ ልታቋርጥ ስትል መኪና ፊቷ ቆመ። በሩ ላይ በነጭ ቀለም «ሰላም ታክሲ» ተብሎ ተጽፏል። ዓይኗ ሳታዘው ቆረጠው። ሰ፣ ላ፣ ም፣ ታ።

ሰላምታ።

እዚያው ቆማ ቀረች። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ማሰማት ጀመሩ።

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እህቴ፣ አልሰማሽም? የት ልውሰድሽ?»

«ይቅርታ፣ የማውቀው ሰው ሰላም ያለኝ መስሎኝ ነው» አለች።

ነጠላዋን አፏ ድረስ ሳበችና ወደ ሥራ ከሚጣደፈው ሰው መሃል ገባች። ሾፌሩ ዞር ብሎ ቢፈልጋት የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻለም።