የደቦው ውሃ

ሀምዲያ የሰማያዊውን በርሜል ክዳን ከፍታ አፍንጫዋን አስጠጋች። ምንም አይሸትም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ የሚሸት መሰላት። ክዳኑን ገጠመችው፣ ወደ ጓሮ ሄዳ ባሚያውን አየች፣ ተመልሳ መጥታ ክዳኑን እንደገና ከፈተችው። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ስትመላለስ ዶሮዎቹ እንኳን ሰልችቷቸው መንገድ መልቀቅ ትተዋል።

ከቤቱ በታች ካለው የማሽላ ማሳ የደቦው ዘፈን ይሰማል። ዛሬ የእናቷ የኸድራ ማሳ የሚታረምበት ቀን ነው። ኸድራ ባሏ ከሞተ ወዲህ ደቦ ስትጠራ ይህ የመጀመሪያዋ ሲሆን ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶላታል፤ የአካባቢው ተወላጅ በርታውም፣ በደርግ ዘመን ከወሎ መጥቶ የሰፈረውም። ሰው ለደቦ ጠርቶ ምግብና ውሃ ማሳነስ ደግሞ ስም የሚያጠፋ ነገር ነው። ለዚህ ነው ኸድራ በርሜሉን ከቆርቆሮው ጣሪያ በሚወርደው ዝናብ አስሞልታ፣ ማንም እንዳይነካው ከልክላ፣ እስከዛሬ የጠበቀችው።

የሀምዲያን እንቅልፍ የነሳትም ይኸው በርሜል ነው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል የአረም ማጥፊያ መድኃኒት የጫነ መኪና ከዳቡስ ድልድይ ተገልብጦ ወንዝ ውስጥ ገባ። ከበርሜሎቹ ገሚሱ ፈነዳ፤ ገሚሱ እየተንሳፈፈ ወደ አባይ ወረደ። በማግስቱ ዓሣው ሆዱን ሰቅሎ ታየ። ትህትና የምትባለው የግብርና ባለሙያ ድምፅ ማጉያ ይዛ በገበያው መሃል እየዞረች ለፈፈች። ከወንዙ እንዳትጠጡ፣ ዓሣ እንዳታጠምዱ፣ ወርቅ እንዳታጥቡ፣ በርሜል ያያችሁ ሳትነኩ ለፖሊስ ንገሩ አለች። ወርቅ አጣቢዎቹ ሴቶች እቤታቸው ዋሉ። ሰፈሩ «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኛ ነን» እያለ ቀለደ። የእጅ ፓምፑ ሰልፍ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ጀሪካኑ ተደርድሮ እስከ መስጊዱ አጥር ይደርስ ነበር። ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ ስለሌለ ሁልጊዜ የምትሰለፈው ሀምዲያ ናት።

በዚያው ሰሞን ከጓደኛዋ ከዘመናይ ጋር እንጨት ለቀማ ወርደው ሰራዊትን ወንዙ ዳር አገኙት። ሰራዊት የዘመናይ ታላቅ ወንድም ነው፤ ባምባሲ ባጃጅ ይነዳል። ሸምበቆ ውስጥ የተቀረቀሩ በርሜሎችን በገመድ እየጎተተ ሲያወጣ አዩት። ሲያያቸው ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ አንዱን በርሜል ወደ ሀምዲያ አንከባለለላት። «አፋችሁን ዝጉልኝ እንጂ ይሄ የአንቺ ነው» አላት። ሌሎቹን ለባምባሲ ምግብ ቤቶች ሲያከፋፍልም ሁለቱን ልጃገረዶች ባጃጁ ላይ ጭኗቸው ነበር፤ ለስላሳም ጋብዟቸዋል። ሀምዲያ ያኔ የታያት ከሰልፍ መገላገሏ ብቻ ነበር። ላትናገር ማለች።

ውሸቱን የዋሸችው ዘመናይ ናት። «የዘይት በርሜል ነው፣ እትዬ ኸድራ። ሰራዊት ነው ከባምባሲ ሱቅ ያመጣው» አለች ዓይኗን ሳታሽ።

ኸድራ አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት አትለይም። «የምን ዘይት ነው? አንተ አይተሃል?» አለቻት ዘመናይን። «ከፈረንጅ አገር የመጣ፣ የአሳማ ስብ ያለው ቢሆንስ?»

ዘመናይ ትከሻዋን ሰበቀች። ስለዚህ ኸድራ በርሜሉን በሃይማኖቷ ደንብ ውሻ እንደላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ አጠበችው፣ አንዱን በአፈር። ክንዷ እስኪዝል ፈትጋ፣ እጣቢውን ባሚያው ሥር እየደፋች፣ በመጨረሻ ወገቧን ይዛ ቆመች። «አሁን ጣሂር ሆነ፣ ጠራ። ሼኹ ቢመጣ ይጠጣበታል» አለች። ሀምዲያ አጠገቧ ቆማ ውሃ ታቀብላት ነበር። እንዲያውም እንዲህ ከታጠበ ምን ይቀረዋል ብላ ራሷን አጽናናች።

ባሚያው ግን አልተጽናናም። ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ ግንዱ ተጣመመ፣ ቢጫ ሆነ። እዚያው አጠገቡ ያለው ማሽላ ግን ለምለም ነው። ኸድራ ትል ነው አለች። ሀምዲያ ደግሞ ትህትና በድምፅ ማጉያው የተናገረችው ትዝ አላት፤ ይህ መድኃኒት ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ተክል ነው የሚያጠቃው፣ ማሽላና በቆሎ አይነካም ብላ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁጭ ብድግ ሆነ ሥራዋ።

ዘመናይ ባዶ ጀሪካን ይዛ ከማሳው በኩል ብቅ አለች። «ምን ሆነሽ ነው የቀረሽው? እናትሽ ውሃ እያሉ ነው። ሰዉ ደርቋል።»

«ነይ ባሚያውን እይው።»

«አየሁት። ባሚያ ነው። ምን ይጠበስ?»

«እጣቢው ነው እንዲህ ያደረገው።»

«አቦ ነገር አታካብጂ። ሰባት ጊዜ ታጥቧል እኮ። እኛ ቤት ድስት እንኳን እንደዚህ አይታጠብም።»

ሀምዲያ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ አልመጣም። «ለእማ ልነግራት ነው።»

የዘመናይ ፊት ተለዋወጠ። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠች። «ማን ሰጠሽ ስትልሽስ? ሰራዊትን ሊያስሩት ነው። አባዬ ደግሞ ከፖሊስ በፊት ይገድለዋል። ምለሽልኛል፣ ሀምዲያ።»

«መማሉንማ ምያለሁ።»

«እንግዲያው ያዢ።»

ያዘች። ለምን እንደያዘች አታውቅም። ዘመናይ በጣሳ ስትቀዳ እሷ የጀሪካኑን አፍ ይዛ ውሃው ሲሞላ አየች። ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ ክፉ ነገር ያለበት አይመስልም። ጀሪካኑን በሁለት በኩል ይዘው ቁልቁል ወረዱ። ሆን ብዬ ብደፋውስ ብላ አሰበች። ቢደፋ ግን ተመልሰሽ ቅጂ ትባላለች፤ በርሜሉ ሙሉ ነው። አመመኝ ብትልስ? ዘመናይ ብቻዋን ታደርሰዋለች። የምታስበው ሁሉ ሄዶ ሄዶ እዚያው ይመልሳታል። በመካከሉ ማሳው ደረሱ።

አራሚዎቹ ዘፈናቸውን አቁመው ወደ ዛፉ ጥላ መጡ። የዘመናይ አባት ጋሽ ዳምጠው ላባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው። ኸድራ ጣሳውን ሞላች። ፊቷ ፈክቷል። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናቷን እንዲህ ደስ ብሏት አይታት አታውቅም፤ ይህም ሀምዲያን አንጀቷን በላት።

«ጋሽ ዳምጠው፣ ትጠጣለህ። መጀመሪያ ግን እኔ» አለች ኸድራ እየሳቀች። ለእንግዳ የሚቀርበውን ባለቤት ይቀምሰዋል፤ ከወሎዎቹ ጋር ኖራ የወረሰችው ልማድ ነው። ሁሉም እያያት ጣሳውን ወደ አፏ አነሳች።

ሀምዲያ የእናቷን ክንድ ያዘች። ውሃው የኸድራ ደረት ላይ ፈሰሰ።

«እማ፣ አትጠጪው» አለች በራሳቸው ቋንቋ፣ በበርታ። «የዘይት በርሜል አይደለም። ከዳቡስ የወጣ ነው።»

ኸድራ መጀመሪያ ልጇን፣ ቀጥሎ ጣሳውን አየች። «ሰባት ጊዜ አጥቤዋለሁ እኮ።»

«ለዘይት ነው ያጠብሽው።»

ኸድራ በጣሳው የቀረውን ውሃ መሬት ላይ ደፋችና ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ ዛፉ ሥር ተቀመጠች። ሀምዲያ እናቷ ሰው ፊት ስታለቅስ አይታት አታውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«ምንድን ነው ያለችው?» አሉ ጋሽ ዳምጠው። በርታ ከሚያውቁት አንዱ በጆሯቸው ነገራቸው። ሰዉ ተንጫጫ፤ ሁለት ሴቶች ከጀሪካኑ ራቅ አሉ። ጋሽ ዳምጠው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። «አብሽሪ፣ ልጄ። ማንም አይቆጣሽም። በርሜሉን ከየት አመጣችሁት?»

ዘመናይ ትክ ብላ አየቻት። ምን እንድትል እንደምትፈልግ ሀምዲያ አልጠፋትም፤ ተንሳፍፎ አገኘነው ማለት ብቻ ነው። ማንም አይታሰርም። ጓደኛዋም አታኮርፋትም። ይህን በርሜል ፖሊስ ይወስደዋል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ባምባሲ የወረዱት በርሜሎች ታሰቧት። አንደኛው ምግብ ቤት በርሜሉ ገና ባጃጁ ላይ ሳለ ነበር የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ሊያስገጥምለት የተስማማው። በልቶ የሚነሳው ሁሉ፣ ተማሪውም፣ ሾፌሩም፣ ከዚያ ውሃ ይጉመጠመጣል።

«ሰራዊት ነው የሰጠን» አለች። «ሌሎቹን ለባምባሲ ምግብ ቤቶች ሸጧቸዋል። ውሃ ያጠራቅሙባቸዋል።»

ጋሽ ዳምጠው የልጃቸውን ስም ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ዘመናይ አዞሩ። «እውነት ነው?»

ዘመናይ ግን «ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ» አለቻት ሀምዲያን፣ ቀስ ብላ፣ ሳታለቅስ። ማሽላውን እየገፋች ወደ ቤታቸው ሄደች። ከእሷ በኋላ ሌላ መልስ የጠየቀ የለም።

ሀምዲያ ልትከተላት አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ከዚያ ቆመች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት።

ጋሽ ዳምጠው ከተቀመጡበት ተነሱ። ለኸድራ ጎንበስ ብለው «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ደቦው ይቀጥላል፤ ውሃ ከየቤታችን ይመጣል» አሏት። ሴቶቹ ወዲያው ወደየቤታቸው ተበተኑ። እሳቸው ጋቢያቸውን ከቅርንጫፉ አወረዱ። «እኔ ባምባሲ እሄዳለሁ። ይሄ ልጅ ለየትኛው ምግብ ቤት እንደሸጠ ግን ቢገደልም አይነግረኝም።»

ለሀምዲያ አልነበረም የተናገሩት። ማንም ወደ እሷ አልተመለከተም፤ ዝም ብትል የሚያስታውሳት አልነበረም። እናቷ ብቻ ሻርፗን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየቻት።

«ቤቶቹን እኔ አውቃቸዋለሁ» አለች ሀምዲያ።

«ሰራዊት መናኸሪያው በር ላይ ነው የሚውለው። ያይሻል» አሉ ጋሽ ዳምጠው።

ሀምዲያ በላስቲክ ጫማዋ ውስጥ የገባውን አፈር አራገፈች፣ እናቷ ጎን ሄዳ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፣ ከዚያም ከእሳቸው ቀድማ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣውን መንገድ ያዘች።