ቁጥር ሁለት ገንዳ

«መሐረቡን አቀብዪኝ» አለ አባቷ። ራሱን ወደ ፊት ደፍቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ከአፍንጫው የሚንጠባጠበው ደም ጉልበቱ ላይ ያነጠፈውን ፎጣ አበላሽቶታል። ልጅቷ መሐረቡን ሰጠችውና ውሃ ልታመጣ ዘወር ስትል የደም ግፊት ክኒኑን ማሸጊያ መስኮቱ ደፍ ላይ አየችው። አነሳችው። አቧራ ጠግቧል። ከትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ወዲህ አንዲት ፍሬ እንኳ አልጎደለችም።

«አባዬ፣ ክኒኑን ትተኸዋል?»

«ነስር ነው፤ ሙቀቱ ያመጣው። ምን ያስደነግጥሻል?»

«እኔ የጠየቅኩህ ስለ ክኒኑ ነው።»

አባቷ ጥፋት ላይ እንደተያዘ ልጅ ፈገግ አለ። «ዶክተሬ፣ አንቺው አይደለሽ እንዴ ያስተውሽኝ?»

ዶክተሯ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። በሕፃንነቷ የታመመች ድመት በአባቷ ካልሲ ጠቅልላ ስላዳነች ነው ማዕረጉን ያገኘችው። ድመቷ እንኳ የዳነችው በራሷ ጊዜ ነበር፤ ሰፈሩ ግን ስሙን ተቀብሎ አጸደቀው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ የሁለቱ ብቻ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ይነዳል። እሱ መንገድ በወጣ ቁጥር ልቧ ተሰቅሎ ነው የሚያድረው፤ ይህን ግን አንድም ቀን ነግራው አታውቅም።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ያቀረበችው ሥራ ከጓደኛዋ ከሽቦ ጋር የተሠራ ነው። ሽቦ ቀጭን ስለሆነም፣ ኪሱ ሁልጊዜ የሽቦ ቁርጥራጭ ስለማያጣም ነው ሽቦ የተባለው። ሰው የጣለው መድኃኒት ወንዝ ሲገባ ዓሣ ይጎዳል ወይ ብለው ተነሡ። ሁለት የመስታወት ገንዳ ሞሉ፤ ቁጥር አንድ ንጹህ ውሃ፣ ቁጥር ሁለት የግፊት ክኒን የተበጠበጠበት ውሃ። ለሁለቱም አየር የሚነፉት ትንንሽ ፓምፖች የሚሠሩት ሽቦ ራሱ ጣሪያ ላይ በሰቀለው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ነበር። ሰኞ ጠዋት የቁጥር ሁለት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው ተገኙ። የቁጥር አንዶቹ ምንም አልሆኑም። የባዮሎጂ አስተማሪያቸው አጨበጨበ፤ ከትምህርት ቤቱም አንደኛ ወጡ። ቅዳሜ የከተማው ውድድር ነው። እዚያ ያሸነፈ አዳሪ የሳይንስ ትምህርት ቤት በነጻ ይገባል።

በኤግዚቢሽኑ ቀን አባቷ ያለችውን አንድ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቶ ቁጥር ሁለት ገንዳ ፊት ቆመ። አስተማሪው የሞቱትን ዓሦች ሳያወጣ ነበር ያሳየው። «ይኼ እኔ የምውጠው አይደል?» ሲል ጠየቀ። አስተማሪው ሐኪም በልክ ያዘዘውን ማቋረጥ እንደማይገባ፣ የሰውና የዓሣ ነገር እንደሚለያይ አስረዳው። አባቷ ግን ዓይኑ ዓሦቹ ላይ ተተክሎ፣ ጆሮው ሥራ አቁሞ ነበር።

አሁን ደሙ ቀንሷል። እሷ አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ዓሦቹን መድኃኒቱ አይደለም የገደላቸው። አየር አጥተው ነው። ሽቦ ፓምፓቸውን ነቅሎት ነበር።»

እውነት ነው። ሽቦ ይህን የነገራት ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ነው። የዚያን ሰሞን ሰማዩ ዳምኖ ባትሪው ደክሞ ነበር፤ ሁለት ፓምፕ መሸከም አልቻለም። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ የቁጥር ሁለትን ነቀለው። «መድኃኒት ውስጥ ያሉት መሞታቸው ላይቀር፣ ጤነኞቹ እንኳ ይትረፉ ብዬ ነው» አላት። እሁድ መጥቶ ሊያፈራርቅ አስቦ ዝናብ ያዘው። ሰኞ በጠዋት ቀድሞ ገብቶ መልሶ ሰካው። ሲነግራት እየሳቀ ነበር። እሷም ሳቀች። ዓሦቹ እንደሆኑ ሞተዋል፤ ሌላ ማን ይጎዳል ብላ ነበር።

አሁን አባቷም ሳቀ፤ ደሙ እንደገና እስኪመጣ ሳቀ።

«ፈርተሽልኝ ነው አይደል? አስተማሪሽ በሰው ሁሉ ፊት ያወራውን፣ ሰርተፊኬት የተሰጠበትን ነገር፣ ዛሬ ፎጣ ላይ ደም ስላየሽ ልትሽሪው?»

«እውነቴን ነው አባዬ! አባቴ ይ…» ብላ ጀመረችና ደንግጣ ዋጠችው። በቀን ስንቴ እንደ ዋዛ የምትምለውን መሐላ ዛሬ አፏ አልጨርስ አላት።

«መድኃኒት መጀመሪያ በእንስሳ ተሞክሮ ነው ለሰው የሚሰጠው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ይኸው ተሞከረ፤ ይኸው አለቁ።» ፀጉሯን በነጻ እጁ ዳበሳት። «በይ አሁን ወደ ትምህርትሽ። እኔ ትንሽ ጋደም ልበል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጭነት ይዤ እወጣለሁ፤ ቁልቁለቱ ብርቱ ነው።»

መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ሄደች። ያናደዳት አለማመኑ አልነበረም። ያመነው እሷን መሆኑ ነው፤ የዛሬዋን ሳይሆን የዚያን ቀኗን።

ሽቦ ቤተ ሙከራው ጀርባ የፀሐይ ኃይል ማመንጫውን በካርቶን ሲጠቀልል አገኘችው።

«ለቲቸር ልነግረው ነው» አለችው።

«ምኑን?» ሳቅ እያለ ቀና ብሎ ዓይኗን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «አብደሻል እንዴ?»

«አባቴ ክኒኑን ትቷል። እየደማ ነው።»

«እና ንገሪው! ለሱ ብቻ ንገሪው፣ አለቀ!»

«ነገርኩት። ሳቀብኝ።»

«አታካብጂ በናትሽ። ቅዳሜ ይለፍና እኔው ራሴ ቤታችሁ መጥቼ እነግረዋለሁ።»

«ዛሬ ነው መንገድ የሚወጣው።»

ሽቦ የያዘውን ማሸጊያ ፕላስተር ጣለው። ድምፁ ቀጠነ። «እዚያ ትምህርት ቤት ካልገባሁ አጎቴ ሱቅ ስልክ ስጠግን ነው የማረጀው። ዘንድሮ የመጨረሻህ ነው ብሎኛል። አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከአንቺ ሌላ የነገርኩት ሰው የለም።»

ታውቃለች። ልታቅፈው ፈለገች፤ በጥፊ ልታጮለውም ፈለገች።

«አውቄ እኮ አልገደልኳቸውም» አለ።

«እሱንም እነግረዋለሁ። እኔም እያወቅኩ ዝም ማለቴን እነግረዋለሁ።»

«እኔን ምን አደረገልኝ ታዲያ?»

ምንም አያደርግለትም።

አስተማሪው ቢሮው ውስጥ ፖስተራቸውን እያዞረ ሲጠቀልል ደረሰች። «ዶክተሯ! ቅዳሜ ማን ነው መጀመሪያ የሚናገረው? ተስማማችሁ?» አላት ደስ ብሎት። ተቀመጪ ቢላትም አልተቀመጠችም፤ ከተቀመጠች ወኔዋ የሚከዳት መሰላት። ባትሪውን፣ ዝናቡን፣ የተነቀለውን ፓምፕ፣ የራሷን ሳቅ፣ ፎጣውን ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

አስተማሪው ፖስተሩን ለቀቀው፤ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ፊቱ ቅጭም አለ። ይቆጣኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆየ።

«የሞቱ ዓሦች አቁሜ ወላጅ አስጎበኘሁ» አለ መጨረሻ ላይ፣ ለራሱ ይመስል። «እንደገና ሞክሩት ሳልል። አንድ ጊዜ እንኳ።»

«ቲቸር፣ አባቴ እኔን አላመነኝም። እርስዎ ቢነግሩት ግን…»

«ውድድሩ ላይ መቅረብ እንደማትችሉ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ጓደኛሽስ?»

እንባዋ እንደገና መጣ። አስተማሪው ወንበሩ ላይ የሰቀለውን ጃኬት አነሳ።

«ቤታችሁ በየት በኩል ነው?»

ግቢውን አብረው ሲያቋርጡ ሽቦ ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ሲደርሱ እርምጃዋን ቀነሰች። ቢሰድባት ይቀላት ነበር። እሱ አንገቱን እንዳቀረቀረ በጫማው ጫፍ መሬቱን ይቧጥጣል፤ ቀና አላለም። ስሙን፣ እናቱ ያወጣችለትን እውነተኛ ስሙን፣ ቀስ ብላ ጠራችው። ጫማው መሬቱን መቧጠጥ አላቆመም።

አስተማሪው በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «ነይ እንጂ፤ ሳይወጣ እንድረስበት» አላት።

ዓይኗን ጠረገችና ተከተለችው።