ከረግረጉ የወጣው ሰው

ዶክተር ዓምደሚካኤል የሞተው እንዳይደፈን ሲሟገትለት በነበረው ውሃ ውስጥ ነው። ቦሌ ቡልቡላ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ለአዲስ አፓርታማ የታጠረ መሬት አለ፤ ከመሬቱ ጥግ ደግሞ ዶዘር ገና ያልደረሰበት አንድ ረግረግ። በሐምሌ ብርድ ሐሙስ ጠዋት የእንቁራሪት ተመራማሪው ሬሳ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ነበር። የላስቲክ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈንክቷል።

ዋና ኢንስፔክተር ሣባ ስትደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ሱፍያን የሳይቱን ጥበቃ ገመዳን በካቴና አስሮ ከፒክአፑ አጠገብ አቁሞታል። ሃምሳዎቹን ያጋመሰው ሰውዬ እስከ አንገቱ በጭቃ ተለውሶ ይንቀጠቀጣል። የኮንዶሚኒየሙ ሰው በየበረንዳው ወጥቶ በስልኩ ይቀርጸዋል። የገመዳ የስምንት ዓመት ልጅ ከቆርቆሮ ቤታቸው በር ላይ «አባዬን ልቀቁት!» እያለች ትጮኻለች። ይህን አይቶ ያልተናደደ ሰው ጤናውን ይመርመር።

«ጨርሰናል» አላት ኮማንደሩ። «ትናንት ከሰዓት ከሟቹ ጋር ተጣልቷል። ‹ይህ ውሃ ይብላህ› ሲለው ሰው ሰምቷል። ጠዋት ደግሞ ይኸው፣ እንደምታዪው። ነገ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

ሣባ ወደ ገመዳ ዞረች።

«ጋሽ ገመዳ፣ ለምን ተጣላችሁ?»

«እርሻዬ እዚህ ነበር» አለ ገመዳ። «መሬቱ ሲሄድ ጥበቃነቱ ብቻ ቀረልኝ። ዶክተሩ ግንባታው መቆም አለበት ሲል ተናደድኩ፤ ተሳደብኩ፣ አልክድም። ከዚያ ለለቅሶ ሰንዳፋ ሄጄ አደርኩ። ጠዋት ስመለስ ውሃው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ አየሁት። ገብቼ ጎትቼ አወጣሁት። ታዲያ ትቼው ልሂድ?»

«ዝም በል አንተ!» ሲል ኮማንደሩ ጮኸበት። «ለቅሶ ቤቱ የዘመዶችህ አይደል? ምን አይሉልህም!»

ሣባ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ሬሳውን የመረመረው የፖሊስ ሐኪም ሰውየው ትናንት አመሻሹ ላይ ጭንቅላቱን ተመቶ ውሃ ውስጥ ታፍኖ መሞቱን ነገራት። አጠገቡ የሥራ ቦርሳው አለ። በውስጡ አንድ ደረቅ ብሩሽና ሮዝ ቀለም ያለው ዱቄት የያዘ ገና ያልተከፈተ ጣሳ አገኘች። የሟቹ የድምፅ መቅረጫም ከውሃው ውስጥ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ግን አይሠራም።

ወደ ኮረቱ መንገድ ስትመለስ አንድ ሽታ አስቆማት። ሜዳ መሃል በረኪና ሸተታት። ማታውን ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ስለነበር ሽታው አልታጠበም። ከመንገዱ ዳር ሰፌድ የምታህል ቦታ ላይ ሣሩ እርጥብ ነው፤ ጫፍ ጫፉም መንጣት ጀምሯል።

«ይኼ የምን በረኪና ነው?»

«የኮንዶሚኒየም ሴቶች የልብስ እጣቢ ደፍተው ነዋ! አንቺ ደግሞ!» አለ ኮማንደሩ።

ሣባ ቀና ብላ አየች። የቅርቡ ሕንፃ ከአጥሩ ማዶ ነው። እጣቢ ተሸክሞ ይህን ሁሉ ሜዳ የሚያቋርጥ ሰው አልታያትም። ሣሩን ፎቶ አነሳችው።

መጀመሪያ ያገኘችው የአፓርታማውን ባለቤት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ቃልአብን ነው። አትላስ አካባቢ ከአንድ ሆቴል በር ላይ መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ደረሰችበት።

«ዶክተሩ ሥራችንን ሊያስቆም ፈልጓል፤ እውነት ነው» አለ ሳትጠይቀው። «ግን እኔ ትናንት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ሆቴል ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እራትም እዚሁ በላሁ። ሠላሳ ሰው አይቶኛል።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ጠዋት ሳይቱን ጎብኝቼ መጣሁ።»

ሣባ በተከፈተው በር አጎንብሳ አየች። የመኪናው ምንጣፍ በደረቀ የረግረግ ጭቃ ተጨማልቋል።

«ከሳይት ስትወጣ ጫማህን አታጥብም?»

ቃልአብ ሳቀ። «ሊስትሮ እያለ ለምን አጥባለሁ?»

ሳቁ አናደዳት፤ መልሱ ግን ጠቀማት።

ቀጥላ ገርጂ ወዳለው የሟቹ ቢሮ ሄደች። የዶክተሩ ረዳት ፀደንያ አልኮል ውስጥ የተቀመጡ እንቁራሪቶች ከሞሉት መደርደሪያ ሥር ተቀምጣለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ንዴት ነው።

«ዘበኛውን አስራችሁ ተገላገላችሁ አሉ!»

«እኔ አላሰርኩም። የታሰረውን ለማስፈታት ነው የመጣሁት፤ ስለዚህ አስረጂኝ። ዶክተሩ ምን አግኝቶ ነው?»

ፀደንያ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካርታ አመለከተች። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋና ሆለታ ላይ ቀይ መርፌዎች ተሰክተዋል። ቡልቡላ ላይ ያለችው አንዲት አረንጓዴ ብቻ ናት።

«ቀዩ የታወቀው የደጋ እንቁራሪት የሚገኝበት ነው። አረንጓዴው የእኛ ነው። እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ቢያዩዋቸው አንዱን ካንዱ አይለዩም። ዝርያን የምንለየው ግን በመልክ ብቻ አይደለም። ወንዱ ሴቷን በድምፅ ይጠራታል፤ የሌላ ዝርያ ድምፅ ከሆነ አትመጣለትም። ካልተጋቡ ሁለት ናቸው።»

«ሁለት ቢሆኑስ?»

«አንድ ከሆኑ ይህ ረግረግ ቢደፈንም ሱሉልታ አሉ። ሁለት ከሆኑ ግን ቡልቡላ ሲደፈን ያለቀላቸው ነው። በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም።»

«አንድ ናቸው ያለው ማነው?»

«ፕሮፌሰር ሽፈራው። ለግንባታው የተሠራውን የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት የፈረሙት እሳቸው ናቸው። የሁላችንም አስተማሪ ነበሩ። ረግረጉን ያዩት በየካቲት ነው፤ በበጋ ደግሞ እንቁራሪት አይጠራም። እነዚህ መጥራት የጀመሩት ባለፈው ሳምንት ነው። የሰማናቸውም ዶክተርና እኔ ብቻ ነን። ቅጂው መቅረጫው ላይ ነበር፤ ገና አልገለበጥነውም።»

ሣባ የዱቄቱን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይኼስ?»

«የጫማ ማጠቢያ ነው። የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠፋ ፈንገስ አለ፤ በጫማ ጭቃ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ይሻገራል። ስለዚህ ከውሃ እንደወጣን፣ መኪና ሳንነካ፣ ጫማችንን በብሩሽ እናጥባለን።»

«በበረኪና አታጥቡም?»

«ዶክተር ከልክሎናል። ሣሩን ያቃጥላል፣ ውሃ ከገባም እንቁራሪቱን ራሱ ይገድላል። በረኪና የድሮዎቹ ናቸው የሚጠቀሙት።»

«ትናንት አመሻሽ የት ነበርሽ?»

«ሲኤምሲ ልጆች አስጠናለሁ፤ ወላጆቻቸውን ይጠይቁ!» አለች ፀደንያ ፊቷ ተለዋውጦ። ሣባ ደውላ ወላጆቹን ጠየቀች፤ እውነት ነበር።

ፕሮፌሰር ሽፈራውም ቤታቸው እዚያው ሲኤምሲ ነው። ነጭ ሽበት፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ቀስ ያለ አነጋገር። በረንዳው ላይ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ተገልብጦ ይንጠባጠባል።

«ጎበዝ ልጅ ነበር» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ችግሩ፣ በየኩሬው አዲስ ዝርያ ይታየዋል።»

«ቡልቡላ ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት መቼ ነው?»

«የካቲት። ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩም።»

«ሁለቱ እንቁራሪቶች ይለያያሉ?»

«ምንም ልዩነት የላቸውም።»

«በድምፅም?»

«የዚያኛውን ድምፅ አልሰማሁም፤ መስማትም አያስፈልገኝም። አንድ ናቸው አልኩሽ እኮ!»

ሣባ ወደ ጫማው በአገጯ አመለከተች። «እነዚህስ?»

«እሁድ ሱሉልታ ነበርኩ። ዛሬ ደግሜ አለቀለቅኳቸው።»

«በምን ነው የሚያጥቧቸው?»

«በበረኪና ነዋ! እነዚህ ልጆች በዱቄት ይጫወታሉ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከውሃ ወጥቼ ጫማዬን ሳላጥብ መኪና ውስጥ ገብቼ አላውቅም።» በዚህ ቀን እንኳን ኩራታቸው ከሐዘናቸው በልጦ ነበር።

ሣባ አመስግና ወጣች። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «አመሻሹ ላይ ቡልቡላ ቢመጡልን? የሚያውቅ ሰው ምክር ያስፈልገናል» አለቻቸው። ምክር የተጠየቀ ፕሮፌሰር እምቢ አይልም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ረግረጉ ዳር ተሰበሰቡ፤ ፕሮፌሰሩ፣ ቃልአብ፣ ፀደንያ፣ ኮማንደር ሱፍያን፣ ካቴናው ያልተፈታለት ገመዳም። በየበረንዳው ደግሞ ያው የጠዋቱ ተመልካች ወጥቷል።

«ቶሎ በይ» አለ ኮማንደሩ። «ተጠርጣሪውን ከጣቢያ ያስወጣሁት ለትያትር አይደለም።»

«ለትያትር አይደለም» አለች ሣባ። «ይህን ሣር ይዩልኝ።»

ጠዋት እርጥብ የነበረው ቦታ አሁን ገርጥቶ ነጥቷል።

«ትናንት አመሻሽ አንድ ሰው እዚህ ቆሞ ጫማውን በበረኪና አጥቧል። ሟቹ አይደለም፤ እሱ ጫማው እንደጨቀየ፣ ዱቄቱ እንደታሸገ፣ ብሩሹ እንደደረቀ ነው የተገኘው። የሚታጠበው ከውሃ ሲወጣ ነው፤ እሱ ግን አልወጣም። ስለዚህ ሌላ ሰው አብሮት ገብቶ ነበር፤ ያ ሰው ወጥቷል።»

«ዘበኛው ነዋ!» አለ ኮማንደሩ።

«ጠዋት ያሰሩት ሰው እስከ አንገቱ ጭቃ ነበር። ጫማ የሚያጥብ ሰው ነው የመሰለዎት? አቶ ቃልአብም የረግረጉን ጭቃ በመኪናው ይዞ አትላስ ድረስ ይሄዳል። ለእንቁራሪት ብሎ ጫማውን የሚያጥብ የእንቁራሪት ሰው ብቻ ነው። ፀደንያና ዶክተሩ የሚያጥቡት በዱቄት ነው። በበረኪና የሚያጥብ አንድ ሰው ነው የቀረኝ።»

ሁሉም ወደ ፕሮፌሰሩ ዞሩ። ፕሮፌሰሩ ፈገግ አሉ።

«በረኪና በየሱቁ ይሸጣል፣ የኔ ልጅ። ይህ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም» አለች ሣባ። «ለዚህ ነው አንድ ነገር እንዲሰሙልኝ የፈለግሁት። የዚህ ረግረግ እንቁራሪት ድምፅ ተገኝቷል። ፀደንያ፣ ክፈችው።»

ፀደንያ ስልኳን ከፍ አድርጋ ያዘች። ረጅም፣ ያልተቋረጠ ጩኸት ተሰማ። ፕሮፌሰሩ ጥቂት አዳመጡና በንቀት እጃቸውን አወናጨፉ።

«ማነው ይህን የቡልቡላ ነው ያለሽ? ይኼ የሱሉልታው ነው! የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳን እንዲህ አይሳሳትም። ያኛው እኮ ሁለቴ ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ፀደንያ ስልኩን አወረደችው።

«ልክ ነዎት» አለች። «የሱሉልታው ነው። ያኛው ሁለቴ ነው የሚቆርጠው። ግን የት ሰሙት?»

«ልዩነት የላቸውም ብለውኝ ነበር» አለች ሣባ። «ድምፁንም አልሰማሁም ብለውኛል። ይህ እንቁራሪት መጥራት ከጀመረ ገና ሳምንቱ ነው። እርስዎ ደግሞ ከየካቲት ወዲህ እዚህ አልረገጡም።»

ፕሮፌሰሩ ኮረቱ ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቀስ ማለቱን ትቶ ነበር።

«ይምጡና ራስዎ ይስሙ አለኝ። መጣሁ። ሰማኋቸው። ሁለት ናቸው፤ ጥርጥር የለውም። ከዚያ፣ ‹ነገ ጥናቱን አብረን እናርመዋለን፣ ፕሮፌሰር› አለኝ። እኔን ሊያርመኝ! ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ! ገፋሁት። በጀርባው ድንጋይ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ተንከባሎ ውሃው ውስጥ ገባ።»

«በግንባሩ ተደፋ።»

«አዎ።»

«እየተነፈሰ ነበር። ሐኪሙ ውሃ ነው የገደለው ብሏል። ክንዱን ይዘው ቢገለብጡት በሕይወት ይኖር ነበር!» ሣባ አሁን እየጮኸች ነው፤ መጮኋን አልደበቀችም። «ተማሪዎ እዚያ እየታፈነ እርስዎ እዚህ ቆመው ጫማ ቦረሹ! ለእንቁራሪቱ የራሩትን ያህል እንኳን አልራሩለትም! የተሰደበውና የታሰረው ሰው ለሬሳው ብሎ እስከ አንገቱ ውሃ ገባ፤ እርስዎ ለነፍሱ እጅዎን አልነከሩም!»

ሁለት ፖሊሶች ፕሮፌሰሩን ደግፈው አስነሷቸው። ቃልአብ በዚህ መሃል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ ዶዘሩ ሰኞ…» ሲል ጀመረ።

«ዶዘሩ ይህን ቦታ አይነካም!» አለችው ሣባ። «ምርመራ ላይ ነው። የተፈረመውም ጥናት ሐሰት መሆኑን አሁን በጆሮህ ሰምተሃል።»

ኮማንደር ሱፍያን በረንዳዎቹን በጎን አየት አደረገና የገመዳን ክንድ ይዞ ወደ ፒክአፑ ሳብ አደረገው።

«በል ና ግባ። ጣቢያ ሄደን እንፈታሃለን።»

ገመዳ አልተንቀሳቀሰም። የታሰሩ እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ።

«እዚህ ነው ያሰራችሁኝ፤ ልጄ ፊት፣ ጎረቤት ፊት። እዚሁ ፍቱኝ።»

«አትጨቃጨቅ እንጂ አንተ ሰውዬ! ሥርዓት አለው።»

«ሲያስሩት ሥርዓቱ የት ነበር?» አለች ሣባ።

ልጅቷ ከቆርቆሮ ቤቱ በር ወጥታ ቆማለች። በየበረንዳው ስልኮች ቀና ቀና አሉ። ኮማንደሩ ቁልፉን ከኪሱ እስኪያወጣ ብዙ ቆየ። ካቴናውን ፈታ፤ ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ተሳስተናል፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለ።

«ልጅቷ አልሰማችም፣ ኮማንደር» አለች ሣባ። «ይድገሙት።»

ኮማንደሩ ቀና ብሎ ደገመው።