የአንድ ጣት ትንፋሽ

ታላቁ ገዢ ሥልጣን በያዙ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ዝናቡ ባቆመ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የግቢው ልብስ ሰፊ የመለኪያ ጥብጣቡን አንገቱ ላይ ጥሎ የእልፍኙን ደረጃ ወጣ፤ የጠላት ጦር ከወንዙ ማዶ መስፈሩ ከተሰማ ስድስት ቀን ሆኖት ነበርና፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ በየቤቱ ስንቅ እየታሰረ፣ ሰዉ በየደጃፉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠያየቅ ነበር፤ ገዢው ከፈረስ ከወደቁ ወዲህ ደህና ናቸው ወይስ አይደሉም?

ሐኪሙ «ደህና ናቸው» ብሎ ነበር። ጢሙ የሚያስፈራ፣ አንደበቱ የሚያባብል ሰው ስለ ነበር ማንም አልተከራከረውም።

ልብስ ሰፊው ግን የሰው ደረት የሚለካው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ትንፋሽ ሲሳብ፣ አንዴ ሲለቀቅ። የጎድን አጥንት፣ እሱ እንደሚለው፣ እንደ በርሜል ቀለበት ደርቆ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ አሥራ ሁለቱም ጥንድ ከኋላ ከአከርካሪው ጋር ተጋጥመው፣ አብዛኞቹም ከፊት እንደ ጆሮ ጠርዝ በሚተጣጠፍ ለስላሳ አጥንት ተያይዘው፣ ትንፋሽ ሲገባ እንደ ባልዲ እጀታ ወደ ላይና ወደ ጎን ይነሳሉ፤ ሲወጣ ይረግባሉ። ልብንና ሳንባን የሚጠብቀው አጥር ራሱ ካልተነቃነቀ ባለቤቱን ያፍናል። ይህን ስብከት ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም፤ የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ እንኳ «እኔ ጎድን እሸጣለሁ፣ እሱ ጎድን ይሰብካል» እያለ ይስቅበት ነበር።

«ጌታዬ፣ ትንፋሽዎን ይሳቡልኝ» አለ ልብስ ሰፊው።

«በዚህ አገር እኔን የሚያዘኝ አንተ ብቻ ነህ» አሉ ገዢው ፈገግ ብለው፤ ሳቡም።

«አሁን ይልቀቁት።»

በቀደሙት ዓመታት በሁለቱ ልኮች መካከል የነበረው ልዩነት አራት ጣት ነበር፤ ዛሬ አንድ ሆነ። በቀኝ ብብታቸው ሥር መዳፉን ቢያሳርፍ፣ ግድግዳ ላይ ያሳረፈ መሰለው፤ ከፈረስ ሲወድቁ የተሰበሩት ሦስት አጥንቶች በጠማማው ገጥመዋል፣ ከሥራቸውም አንድ ክፉ ነገር ጠጥሯል። ጥብጣቡን እንደገና አዞረ።

«ምነው፣ ወፈርኩ እንዴ?»

«የለም ጌታዬ፤ ጥብጣቡ ተጣሞብኝ ነው።»

«ቅዳሜ በሠራዊቱ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። የማዕረግ ኮቱ በድሮው ልኬ ይሁን፤ ደረቴን ጥብቅ አድርጎ ይያዘው። ወታደር የጎበጠ አዛዥ ማየት የለበትም።»

«ለትንፋሽ ትንሽ ብተውለት…»

«ትንፋሹን ለኔ ተወው» አሉ፤ ፈገግታውም አበቃ።

እቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ ሁሉን ነገራት።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ለሥጋ ሻጩ ሳይቀር የምትሰብከውን ለሳቸው መናገር አቃተህ?»

«ምን ልበል? ሐኪሙ ደህና ናቸው እያለ፣ እኔ በጥብጣቤ እየሞቱ ነው ልበል? ወሬው አንድ ቀን ሳያድር ወንዙን ይሻገራል፤ ጦሩ ይፈታል፤ እኔም እሰቀላለሁ።»

«እና ዝም ብለህ ኮቱን ትሰፋለህ?»

«እሰፋለሁ፤ ግን አንድ ብልሃት አለኝ።»

ብልሃቱም ይህ ነበር፤ ኮቱን በታዘዘው ልክ ቆርጦ፣ በሁለቱም ብብት ሥር ማንም የማያየው ሰፊ እጥፋት ሸሸገበት፤ የእጥፋቱንም አፍ በአንድ ቀጭን ክር ብቻ ዘጋው፤ ገዢው ረዘም ያለ ትንፋሽ ሲስቡ ክሩ ተበጥሶ ኮቱ እንዲለቃቸው። ሦስት ኮት አበላሽቶ እስኪሳካለት ድረስ ራሱ እየለበሰ፣ ደረቱን እየነፋ ሞከረው። ሲሳካለት እንደ ልጅ አጨበጨበ። ሚስቱ አላጨበጨበችም።

«ክር አፍ የለውም» አለችው። «በአፍህ ንገራቸው።»

አልነገራቸውም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሜዳው በሠራዊት ተሞላ። ገዢው ከእንጨት የተሠራው መድረክ ላይ ወጥተው ሲቆሙ፣ ኮቱ ሃያ ዓመት ቀነሰላቸው፤ ሕዝቡም እልል አለ። ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ መቀሱን ወገቡ ላይ ሽጦ ከደረጃው ሥር ከአሽከሮቹ ጋር ቆሟል። ገዢውን በሕፃንነታቸው ያሳደጓቸው፣ እስከዚያች ቀንም በገዛ እጃቸው የሚያለብሷቸው አሮጊት ሞግዚት ተጠግተው በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

«አንተ ባለ መቀስ! ዓይንህ ፈዘዘ እንዴ? ከብብቱ ሥር ያለው ስፌትህ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ አገኘሁት እኮ። ልጄን በሕዝብ ፊት ልታዋርደው ነበር?»

ልብስ ሰፊው ወደ ሳቸው ዞረ። «እና… ምን አደረጉ፣ እማማ?»

«ምን ላድርግ! ሰም በጠጣ ድርብ ክር ዙሪያውን ሰፋሁታ። አሁን በሬ ቢጎትተው አይበጠስም።»

ቀና ብሎ ተመለከተ። ገዢው ንግግራቸውን ጀምረዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን እያጠረ ሄዶ፣ በየሁለት ቃሉ ይቆማሉ። ጎድናቸው መነሳት ስላልቻለ ትከሻቸው ይነሳል፤ የአንገታቸው ጅማት እንደ ገመድ ይገተራል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሠራዊቱ ግን ለአገራቸው ሲቃ የያዛቸው መስሎት ያለቅስ ጀመር፤ እሳቸውን አየር ባጠራቸው መጠን የሰዉ ጩኸት ይበልጥ እየደመቀ ሄደ።

«ፍቱላቸው! ኮቱን ፍቱላቸው!» ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው። በዚያ ሁካታ ማን ይስማው? መቀሱን መዘዘና ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወጣ፤ የገዢውን ቀኝ ክንድ ቀና አድርጎ መቀሱን ወደ ብብታቸው ሰደደ።

ዘበኞቹ ያዩት መቀስ የጨበጠ ሰው የገዢውን ጎድን ሲሻ ነው። የመጀመሪያው የጠመንጃ ሰደፍ ማጅራቱ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛውን ሳያውቀው ሞተ። ገዢውም በዚያው ቅጽበት በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ዳግመኛም አልተነሱም።

ሠራዊቱ ጠላት አስገደላቸው ብሎ በቁጣ ነዶ ያንኑ ቀን ወንዙን ተሻገረ፤ ድልም አደረገ።

ሞግዚቲቱ የገዢውን ሬሳ ሲያጥቡ ከራስ እስከ እግር ቁስል ፈለጉ፤ ጭረት እንኳ አጡ። የራሳቸውን ስፌት በምላጭ ሲቀዱት፣ ተሸሽጎ የነበረው እጥፋት በእጃቸው ላይ ተዘረጋ፤ ክሩ ለምን ቀጭን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባቸው። ከዚያ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ወደ ግቢው ታሪክ ጸሐፊ ቤት ሄዱ።

«ሰውዬው ስፌቴን ሊፈታ ነው የመጣው» አሉት። «ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ። ጻፈው።»

ጸሐፊው ብዕሩን በአክብሮት አስቀመጠ። «እማማ፣ ይህ ሁሉ ጎበዝ ደሙን ያፈሰሰው ለገዢው በቀል ነው። በክር ሞቱ ብዬ ልጻፍ?»

የልብስ ሰፊው ሚስት የከሃዲ ሚስት እየተባለች፣ መስኮቷን ድንጋይ እየመታው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረች። የጸሐፊው መጽሐፍ የወንዙን ስፋት፣ የገዢውን ፈረስ ቀለምና የድሉን ሰዓት ሳይቀር ይዟል፤ ስለ ባሏ ያለው «ጠላት ያሰማራው አንድ ልብስ ሰፊ» የሚል ብቻ ነው። ይህን የሚያነቡ ተማሪዎች ጠላት ሰውየውን በምን እንዳታለለው ይጠይቃሉ፤ መምህራቸውም አላውቅም ማለት ስለሚከብደው፣ ከራሱ እየጨመረ ይነግራቸዋል።