የጭርቱ መሀል

«መቅደላዊት ዛሬ አሟት ቀርታለች። ስለዚህ ጥናቱን ብቻዬን ነው የማቀርበው።»

መቅደላዊት ይህን የሰማችው የአዳራሹን በር ገፋ አድርጋ አንድ እግሯን ስታስገባ ነበር። የምትናገረው ጓደኛዋ ሰብሌ ናት። ማይክሮፎን ይዛ መድረኩ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ሁለቱ ለሳይንስ ውድድሩ ያዘጋጁት ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ የሰው ቆዳ፣ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ፈንገስ፣ ፈንገሱን የሚወጉ ጥቃቅን ፍላጻዎች።

መቅደላዊትን ምንም አላመማትም። እንዳይረፍድባት እየሮጠች ነው የመጣችው። ሰብሌ ለምን እንደዋሸች ግን ወዲያው ገባት። እጇ ሳታስበው ወደ አንገቷ ሄደ።

ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ ፈንገስ የሚያመጣው ክብ ጭርት ወጥቶባታል። ከጥጃቸው የተጋባባት ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቅባት ሰጥታት፣ «አብሽሪ፣ ይድናል። ፎጣና የአንገት ልብስሽን ብቻ ለሰው አታውሺ፤ ከትምህርትሽም እንዳትቀሪ» ብላት ነበር። ወሬው ግን ከቅባቱ ፈጠነ። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች «ቀለበቷ» የሚል ስም አወጡላት። ሰብሌ እንኳ «ቲቸር ናቸው ቦታ ቀይሪ ያሉኝ» ብላ ደብተሯን ሰብስባ ከዴስካቸው ተነሳች። የክፍል ኃላፊያቸው ቲቸር አሰጋሽ እንደዚያ እንዳላሉ መቅደላዊት ኋላ ላይ ደርሳበታለች።

አሁንም ቀስ ብላ መመለስ ትችላለች። ማንም አላያትም። እግሯ ግን እምቢ አላት። ይህ ጥናት የተጀመረው እሷ መስታወት ፊት ቆማ «ለምንድነው ክብ የሆነው?» ብላ በጠየቀች ዕለት ነው።

ሰብሌ ያጠናችውን እየተንተባተበች ጨረሰች። ከዳኞቹ አንዱ፣ የጤና ባለሙያው አቶ አሕመድኑር፣ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጎበዝ። ግን ሰውነታችን እንዲህ ያለ መሣሪያ ካለው፣ ሰው ለምን በፈንገስ ይያዛል?»

ሰብሌ ወደ ሥዕሉ ዞረች። ከፍላጻዎቹ አንዱን በጣቷ ጠቆመችና እጇን መለሰች። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ።

«እኔ ልመልስ» አለች መቅደላዊት ከበሩ።

ሁሉም ዞረ። የሰብሌ ፊት አመድ መሰለ። «ኧረ ቀለበቷ መጣች!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ ተከተለ። መቅደላዊት መድረኩ ላይ ወጣች። ማይክሮፎኑን ተቀበለችና የአንገት ልብሷን ፈታች።

«አዎ፣ ቀለበት ነው» አለች። «ደህና አድርጋችሁ እዩት። ዳሩ ቀይ ነው፤ መሀሉ ግን እየጠራ ነው። ለምን? ፈንገሱ ሲያርፍብኝ የቆዳዬ ሴሎች ፔፕታይድ የሚባሉ ጥቃቅን የፕሮቲን ቁራጮች ያመነጫሉ። ይህ ከተወለድን ጀምሮ አብሮን ያለ መከላከያ ነው፤ እስኪታዘዝ አይጠብቅም። ፔፕታይዶቹ የፈንገሱን ሽፋን ይበሱታል፤ ያኔ እንደተበሳ ጀሪካን ውስጡ ፈስሶ ይሞታል። ነጭ የደም ሴሎችም ይደርሱላቸዋል። የተረፈው ፈንገስ ወደ ዳር ወደ ዳር ይሸሻል። ቀዩ መስመር ውጊያው ያለበት ነው። መሀሉ ሰውነቴ ያሸነፈበት ነው!»

ሳቁ ጠፍቷል።

«ታዲያ አንቺን እንዴት ያዘሽ?» አሉ አቶ አሕመድኑር።

«ፈንገሱም ሞኝ አይደለም። ፔፕታይዱን የሚቆራርጥ ነገር እሱም ያመነጫል። አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው የጥጃዋ ገመድ ደግሞ ቆዳዬን ፍቆኝ ስለነበር በር ተከፈተለት። ቅባቱ የሚያስፈልገኝ ለዚህ ነው፤ ሰውነቴን ያግዘዋል።» ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። «አጠገቤ ስለተቀመጠ ብቻ ግን ማንም አይያዝም።»

አቶ አሕመድኑር ከወንበራቸው ተነስተው ጠጋ አሉና አንገቷን አዩት። «ማሻአላህ!» አሉ። «ስንት ዘመን ጭርት ሳክም እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አላጋጠመኝም።» ማጨብጨብ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ አዳራሹ ተናወጠ። ስም ያወጡላት ልጆች ሳይቀሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥተው አፏጩ። አንደኛ የወጣው ጥናት ሲነገር መቅደላዊት ከጩኸቱ የተነሳ የራሷን ስም እንኳ በደንብ አልሰማችውም።

ሰዉ ሲበተን ቲቸር አሰጋሽ ጠሯት። «ለዞኑ ውድድር ደሴ የሚሄዱት ሁለት ልጆች ናቸው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ የሆነውን አይቻለሁ። ከፈለግሽ ሌላ ልጅ ምረጪ።»

ሰብሌ ሥዕሉን እየጠቀለለች ሰማቻቸው። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺንም ይዞሻል እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው» አለች። «ቦታ የቀየርኩትም በራሴ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ መቅዲ።»

መቅደላዊት «ምንም አይደል» አላለችም። ቀላል ነገር አልነበረማ። ሥዕሉን አየችው፤ እያንዳንዷን ፍላጻ የሳለችው ሰብሌ ናት።

«ቲቸር፣ ሰብሌ ትሂድ» አለች። «ግን ደሴ ላይ ጥያቄ የምትመልሰው እሷ ናት።»

«እኔ?» አለች ሰብሌ ደንግጣ።

«አንቺ። ነገ ከክፍል ስንወጣ ማጥናት እንጀምራለን።»