ጨረቃን ማን ቆፈራት?

የይታይሽ ቤት ግድግዳ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። አልጋዋ ጋ የጨረቃ ፎቶ አለ።

ፎቶው ላይ፣ ጨረቃ ትልቅ ጉድጓድ አላት። ክብ ነው፤ እንደ ድስት።

ይታይሽ ጉድጓድ ታውቃለች። አባቷ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሲቆፍር ይውላል። ዛቅ! ወርወር! ዛቅ! ወርወር!

ጠዋት አባባ አካፋውን ይዞ ሲወጣ፣ ጨረቃ ገና ሰማይ ላይ ነበረች። ባለፈው ሳምንት ወፍራም ነበረች። ዛሬ ቀጥናለች።

«አባባ፣ ጨረቃን ቆፍረው ሊጨርሷት ነው።»

አባባ ቀና ብሎ አየ። እውነትም ቀጥናለች። ማን እንደሚቆፍራት ግን እሱም አያውቅም።

ይታይሽ ራሷን እከክ እከክ አደረገች። አልገባትም።

ጭልፋ ይዛ ደጅ ወጣች። እንደ አባባ ቆፈረች። ዛቅ! ወርወር! ዛቅ! ወርወር!

አፈሩ በአንድ በኩል ተከመረ። ሮጣ ፎቶውን አየች። እዛኛው ላይ አፈሩ ዙሪያውን ነው፤ እንደ አጥር።

እየዞረ ነው እንዴ የሚቆፍረው? እሷም እየዞረች ቆፈረች። ዛቅ፣ ዞር! ዛቅ፣ ዞር! ምድር ዞረባትና ዱብ አለች።

የጎረቤት ልጅ ዳኜ አጥሩ ላይ ሆኖ ሳቀባት። የቆፈራት የጨረቃ አይጥ ነው አላት።

«አይጥ ከሆነ፣ መሃሉ ላይ ኮረብታ ለምን ተወ?»

እውነትም ፎቶው ላይ፣ ጉድጓዱ መሃል ትንሽዬ ኮረብታ አለች። አባባ እንደዛ ቢቆፍር ፎርማኑ ይቆጣዋል።

ዳኜ ከአጥሩ ወረደ። ሁለቱም ራሳቸውን እከክ እከክ አደረጉ። አልገባቸውም።

ያኔ ደጁ ላይ ካለው ዛፍ አንድ የበሰለ ዘይቱን ወደቀ። ከዛፉ ሥር ያለው የአመድ ክምር ላይ። ዷ!

ይታይሽ ጎንበስ ብላ አየች። ክብ ጉድጓድ። ዙሪያውን የአመድ አጥር። ወደ ውጪ ደግሞ ነጭ ነጭ መስመር ተረጭቷል።

ልክ እንደ ፎቶው።

ማታ አባባ ደክሞት ገባ። ሳፋ ውስጥ እግሩን ነክሮ ተቀመጠ።

«አባባ፣ የቆፈራት የለም። ድንጋይ ወድቆባት ነው። አፈሯም አልተወሰደም፤ ዙሪያዋን አለ።»

አባባ ፎቶውን እያየ ኮረብታዋስ ከየት መጣች አላት። አሁንም ሁለቱም ራሳቸውን እከክ እከክ።

አባባ እጁን ሲታጠብ ከክርኑ ላይ ውሃ ተንጠባጠበ። ጠብ! ሳፋው መሃል ውሃው ወደ ላይ ዘለለ። ጠብ! ዘለል! ጠብ! ዘለል!

«አየሽ» አለ አባባ። «ጨረቃም መሃሏ ዘለለ። ግን እሷ ድንጋይ ናት፤ እንደዘለለ ቀረ መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን ትቀጥናለች?»

«እሱ እኔም አልገባኝም። ግን ልጅ ሆኜም ትቀጥን ነበር። ከዛ ደግሞ ትወፍራለች። ቀርታ አታውቅም።»

ይታይሽ አልጋዋ ላይ ወጣች። በጣቷ የጉድጓዱን አጥር ዞረችው። መሃል ላይ ያለችውን ኮረብታ ነካች።

«አባባ፣ ድንጋዩንስ ማን ወረወረው?»

አባባ ግን እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል።

ይታይሽ ጋቢውን አለበሰችው። ራሷን እከክ እከክ አደረገች።

ነገ ትጠይቀዋለች። ጨረቃ እንደሆነች የትም አትሄድም።