የታጠበው ዱላ

የኪሳን ሬሳ የተገኘው በባለርስቱ በቪሽዋስራኦ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ተፈርክሷል፤ አጠገቡ ያለው ባልዲ ግን ጠብታ አላፈሰሰም። ኪሳን በህንድ «አይነኬ»፣ ንክኪያቸው ያረክሳል ከሚባሉት ወገን ነበር። ጥፋቱ የሰፈሩ ቧንቧ ሲደርቅ ከጌቶች ጉድጓድ መቅዳቱ ነው።

ቪሽዋስራኦ ሲከሰስ፣ ክሱ ይሰረዝልኝ ብሎ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤት አለ። «ከጸሎት ክፍሌ አልወጣሁም፤ የገደለው ዘበኛዬ ማሩቲ ነው» ሲልም ማለ። አቤቱታው ነገ ይሰማል። ከተሳካለት ማሩቲ ባልሠራው ወንጀል እስር ቤት ይበሰብሳል፤ የኪሳን ሚስት ጊርጃባይም የባሏን ገዳይ በየቀኑ እያየች ትኖራለች።

መርማሪዋ ሹባንጊ ካምብሌ ስትመጣ ባለርስቱ ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም።

«ካምብሌ? አሃ፣ ከስምሽ የእነኪሳን ወገን እንደሆንሽ ገባኝ» አለና ሻይ በወረቀት ኩባያ አስመጣላት። ለልጁ ባል ለዲጋምበር በብርጭቆ ቀረበለት።

«ወረቀቱ ይሻላል፣ ጌታዬ። ከማጠብ ይገላግላችኋል።»

በረንዳው ላይ የቤቱ የሦስት ወንዶች ዱላዎች ተሰቅለዋል። አንድ በአንድ አሸተተቻቸው። የማሩቲና የዲጋምበር አቧራ ለብሰዋል። ጫፉ በብር የተለበጠው ሦስተኛው የላም ሽንት ይሸታል፤ በቅርጻ ቅርጹ ስንጥቅ ውስጥም እርድ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል።

«ይሄኛው የማን ነው?»

«የአያቴ ነዋ! ከእኔ እጅ በቀር ሌላ ነክቶት አያውቅም። ካቻምና ከሠርግ መልስ ከተሰቀለ አልወረደም» አለ ቪሽዋስራኦ እየተኩራራ።

ከዚያ ወደ መንደሩ ካህን ሄደች።

«ጉሩጂ፣ ኪሳን በሞተ ዕለት እዚያ ቤት ምን ሊሠሩ ገቡ?»

«እንደ ሥርዓታችን በላም ሽንትና በእርድ ዱላ አነጻሁ።»

«ከምን?»

«ጌቶች ሲያዙኝ አነጻለሁ እንጂ አልጠይቅም፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጊርጃባይ እንደ ወገኗ ልማድ ደጅ ቆማ ነበር፤ ሹባንጊ እጇን ይዛ አስገባቻት።

«ማሩቲ ቢገድል በራሱ ዱላ ይመታ ነበር፤ የእሱን ደግሞ ያጠበው የለም። የዲጋምበርም እንደዚያው። የጌታዬን ዱላ ከራሳቸው በቀር የሚነካው የለም፤ ይህንን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አልወረደም ያሉት ዱላ ግን ኪሳን በሞተ ዕለት ወርዶ ነጽቷል። ደም ለመደበቅ ቢሆን ውሃ ይበቃ ነበር። ካህን ለምን ተጠራ?»

«ታዲያስ!» ብሎ ጮኸ ቪሽዋስራኦ። «ያንን አይነኬ የነካ ዱላ ሳይነጻ ቤቴ ይግባ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዲጋምበር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቂሉ ባለርስት ከስቅላት ገመድ ይልቅ መርከስን ፈርቶ ራሱን በእርድ አሳሰረ።

ከሹባንጊ ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴና ይዞ ሲጠጋው «እንዳትነካኝ!» አለ።

«አይጨነቁ፣ ጌታዬ» አለች ሹባንጊ። «ሲጨርሱበት ካቴናውን እናጥበዋለን።»

አቤቱታው በማግስቱ ውድቅ ሆነ። ጊርጃባይ ባልዲ ይዛ ወደ ጉድጓዱ ሄደች፤ የከለከላት ሰው አልነበረም።